ጉርድ ፎቶግራፍ ስለተጠየቀው ትራክተር

ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሰቆጣ

ለክቡር የአነስተኛ ትራክተር አማራጭ መርማሪ ዐቢይ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት (ስብሰባ ላይ ከሆኑም በዚያው)

ጉዳዩ፦ «አዲስ ይሻላል ወይስ ያገለገለ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ስምንት ወር ስለተደረገልን ውለታ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ የዓይንዎ ብርሃን፣ እንዲሁም የዚህ ሁሉ ሸክም ያረፈበት ወንበርዎ በደህና እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የኪዳነ ምሕረት ማዶ ገበሬዎች፣ ደመናው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መጥቶ አይቶን ከመመለሱ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደመናውም ቢሆን ከክቡርነትዎ ቢሮ አንድ ሁለት ነገር ሳይማር አልቀረም፤ ይመጣል፣ ያጉረመርማል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ ብሎ ይሄዳል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍሁት በድፍረት አይደለም። የመጨረሻዎቹ ሦስት ደብዳቤዎቼ እንደታሸጉ መቀመጣቸውን የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በትሕትና ስላሳየችኝ፣ ክቡርነትዎን ፖስታ ከመቅደድ ድካም ላድንዎ ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ከሰቆጣ ከተማ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ርቀን የምንኖር ሃያ ሦስት አባወራዎችና እማወራዎች፣ በእርከኖቻችን መካከል የሚገባ አንድ አነስተኛ ትራክተር ለመግዛት ማኅበር አቋቋምን። እኔም ብዕር ስላላስቸገረኝ ጸሐፊ ተደረግሁ። የዋጋውን ግማሽ እኛ አዋጣን፤ ሌላውን ግማሽ የሚሸፍነው የድጋፍ ገንዘብ የሚለቀቀው ደግሞ የክቡርነትዎ ኮሚቴ ከአዲሱና ካገለገለው የትኛው እንደሚሻል መርምሮ ሲፈርም ነው። ያመለከትነው በጥቅምት ነው። አሁን ሰኔ ነው። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ክቡርነትዎ ከእኛ በተሻለ ያውቁታል፤ ያሳለፉት እርስዎ ነዎትና።

የቸኮልሁበትን ምክንያትም አልደብቅም። ከማኅበርተኞቻችን አንዷ ይታየሽ ትባላለች፤ ባሏ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። መሬት አላት፣ በሬ የላትም። ስለዚህ አያ ጓንጉል የተባሉ ጎረቤታችን ቦራና ዳልቻ በሚባሉ ሁለት በሬዎቻቸው ያርሱላትና ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። የአገር ደንብ ነው፤ ማንም ማንንም አልበደለም። ግን እኩል ማለት እኩል ነው፤ የእሷ ድርሻ መጋቢት ላይ ያልቅና፣ ልጇ ኤደን ሰቆጣ ቤት ተከራይታ የምትማርበት ስንቅ ይቋረጣል። ዓምና ኤደን ከትንሣኤ በኋላ ወደ ትምህርቷ አልተመለሰችም፤ ዘንድሮ ያንኑ አሥረኛ ክፍል ደግማ፣ ከየቤቱ በተለቃቀመ ጥሬ እየተማረች ነው። የእኩሉ ውል ዘንድሮ አልቋል። አያ ጓንጉል ለሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ማረስ አለማረሳቸውን እስከ ሰኔ ሚካኤል ማወቅ አለባቸው፤ አለዚያ በሬዎቻቸውን ለሌላ ሰው ቃል ይገባሉ። ትራክተሩ ከመጣ ይታየሽ መሬቷን ራሷ ታርሳለች፣ እህሉም ሙሉውን ጎተራዋ ይገባል። ካልመጣ ሦስት ዓመት እኩል ትፈርማለች። የቀረው ሦስት ቀን ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ክቡርነትዎ አጀንዳ እንኳ እንደማያጸድቁ ስለማውቅ ነው የቸኮልሁት።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1ኛ፦ ስለ ሥልጠናው። በኅዳር ወር አምስት ቀን ሙሉ ስለ ትራክተር አያያዝ ስላሠለጠኑን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ትራክተር ባይኖርም የትራክተር ሥዕል ግድግዳው ላይ ተለጥፎልናል። አሠልጣኙ መሪውን፣ ፍሬኑን፣ ማርሹን በበትር እየነኩ አሳዩን፤ የሞተሩንም ድምፅ በአፋቸው አሰሙን። ትጋታቸው እንዲህ ነበር፤ የአፋቸው ሞተር ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ አጥሯቸው ስለቆሙ ነዳጅ አለቀ ብለን ውኃ አቀረብንላቸው። ይታየሽ አንደኛ ወጣች። የምስክር ወረቀቷን በላስቲክ ሸፍና ቤቷ ምሰሶ ላይ ሰቅላዋለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ትራክተር በእጇ ነክታ አታውቅም፤ ሥዕሉን እንኳ ጠጋ ስትል «ንብረት ነው፣ አትንኪው» ተብላለች።

እዚህ ላይ፣ ከቁጥር ውጭ፣ ክቡርነትዎን ሊያስቀይም የሚችል ነገር እናገራለሁ። ለኮሚቴዎ ስምንት ወር ያልበቃውን ጥያቄ እኛ ገና ከማመልከታችን በፊት፣ በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ ወጥተን የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠን ጨርሰነው ነበር። የፈጠንነው ከኮሚቴው በልጠን አይደለም። ሰው ሁሉ በገዛ ሆዱ ላይ ስለፈረደ ነው።

የሰቆጣው መካኒክ ሙሉሰው ለምክር ተጠርቶ መጥቶ፣ አሮጌ ሞተር እየፈታ የሚኖር ሰው ሆኖ ሳለ፣ «አዲስ ግዙ» አለን፤ «አሮጌ ከገዛችሁ እኔ እበላለሁ፣ አዲስ ከገዛችሁ እናንተ ትበላላችሁ።» አያ ጓንጉል ደግሞ፣ ትራክተር መጣ ማለት ከይታየሽ ማሳ የሚያገኙት እኩል ቀረ ማለት መሆኑን እያወቁ፣ «ሥራ የሚያውቀውን ግዙ» አሉ። «ያልተጠመደ ወይፈን ዋጋው የበሬ፣ ሥራው የጥጃ ነው። ገበያ ላይ ያምርና ማሳ ላይ ይተኛል። ያረሰውን ግዙ፤ ጥርሱን አይታችሁ፣ ትከሻውን ዳስሳችሁ፣ ከሁሉ በላይ ባለቤቱ ለምን እንደሚሸጠው ጠይቃችሁ።» ይህን የተናገሩት በኽምጣንጛ ነው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው ሁለት ስድብ መንገድ ላይ ወድቆብኛል።

ሙሉሰው አልረታም ብሎ «አዲሱ እኮ የሁለት ዓመት ዋስትና አለው፣ አያ» ሲላቸው «ዋስትናው የት ነው የሚኖረው?» አሉት። «ባሕር ዳር።» «እንግዲያማ ባሕር ዳር ወስደን እንረስበት።» ሰው ሳቀ። ሙሉሰውም ሳቀና አሮጌ ሞተር ቤት ያፈርሳል፣ ዘይት እንደ ጠላ ይጠጣል፣ መለዋወጫው ሲጠፋ ክረምቱን ሙሉ ዶሮ ማደሪያ ይሆናል እያለ አንድ በአንድ አስረዳን፤ እውነቱን ነው፣ ሰምተነዋል። በመጨረሻ ይታየሽ ነጠላዋን አስተካክላ አንድ ነገር ጠየቀች፤ «ከሰኔ በፊት የሚደርሰው የትኛው ነው?» አዲሱ የውጭ ምንዛሬ ወረፋ ላይ ስለሆነ መቼ እንደሚገባ ሻጩም አያውቅም። ያገለገለው ቆቦ ቆሟል፤ አስነሥቶ ማምጣት ነው። ሙሉሰው ራሱን አከከና «እንግዲህ ሄጄ አየዋለሁ» አለ። ነገሩ አለቀ።

ከሥልጠናውም በኋላ በታኅሣሥ ሦስቱ፣ ሙሉሰው፣ አያ ጓንጉልና ይታየሽ፣ ቆቦ ወርደው አቶ ትእዛዙ የተባሉ ገበሬ የሚሸጡትን ትራክተር አዩ። ሙሉሰው ዘይቱን በጣቱ አሽቶ አሸተተው፤ ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሥቶ ጭሱን ተመለከተ፤ ማንሻው ማረሻውን ተሸክሞ ሳይወርድ ምን ያህል እንደሚቆይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። አያ ጓንጉል ዳገት ለዳገት ከኋላው ተከተሉትና «አያነክስም» አሉ። ከዚያ አቶ ትእዛዙን ዓይን ዓይናቸውን እያዩ ለምን እንደሚሸጡት ጠየቋቸው። ከእሱ የሚበልጥ ስለገዛሁ ነው አሉ፤ የሚበልጠውም እዚያው ግቢ ቆሞ ነበር። በመጨረሻ ይታየሽ ወጥታ ነዳችው። ሥዕሉ ላይ የነበረው ሁሉ በየቦታው አለ፤ ልዩነቱ ይሄኛው ይሄዳል። ማሳውን ሁለት ጊዜ ዞራ ስትወርድ አያ ጓንጉል «ቦራና ዳልቻ እንግዲህ ይረፉ» አሏት። አቶ ትእዛዙም ዋጋ ጨምሮ የመጣ እንኳ ቢኖር እስከ ሰኔ ሚካኤል ድረስ ለማንም አልሸጠውም ብለው ቃላቸውን ሰጧት።

2ኛ፦ ስለ አንዲት ቃል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። ማመልከቻውን ስጽፍ ማኅበርተኛው «አሮጌ ትራክተር ብለህ ጻፍ» አለኝ። እኔ ግን የቤተ ክህነት ልጅ ነኝና አፌ እምቢ አለ፤ እኛ ዘንድ ካባ አያረጅም፣ ጽና አያረጅም፣ ያገለግላል እንጂ። ስለዚህ አሳምሬ «ያገለገለ ትራክተር» ብዬ ጻፍሁ። ይህች ቃል ቢሮዎ ስትደርስ ያለ ምንም ማመንታት ወደ ሰው ሀብት ክፍል ተመራች።

በጥር የደረሰን መልስ፣ አገልግያለሁ የሚለው አመልካች የአገልግሎት ዘመኑን የሚያረጋግጥ የሥራ ልምድ ማስረጃና ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ መሸኛ እንዲያቀርብ ያዝዛል። ሁለቱ ትራክተሮች የተወዳደሩበት የነጥብ ሰንጠረዥም ተያይዟል። አዲሱ በጤንነት ሙሉ ነጥብ አግኝቶ በሥራ ልምድ ዜሮ ከሠላሳ ስላመጣ ወድቋል። ያገለገለው ልምድ ቢኖረውም ማስረጃ አላያያዘም፤ በዚያ ላይ ዕድሜው ለወጣቶች ከተሰጠው ቅድሚያ አስወጥቶታል፤ እሱም ወድቋል። በትምህርት ደረጃ ሁለቱም እኩል ናቸው። የኮሚቴው ፍትሕ እዚህ ላይ ወለል ብሎ ታየኝ፤ ለማንም አላደላም።

ያን ሰሞን ጎጡ ውስጥ መሄድ አቃተኝ። የሚያገኘኝ ሁሉ «ጸሐፊው፣ ልጁ ተቀጠረ ወይ?» ይለኛል። «የሙከራ ጊዜው ስንት ወር ነው?» ይላል ሌላው። እኔ ግን ትእዛዝ ማክበር ልማዴ ነውና ለአቶ ትእዛዙ ደወልሁላቸው። በሳቃቸው መካከል ስልኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። ከዚያ እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ጻፍሁት፤ ፈርመውም ላኩልኝ። ቃሉ ይህ ነው፦

«ለሚመለከተው ሁሉ። ቀይ ቀለም ያለው ትራክተር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በእርሻዬ ላይ በማረስ፣ በመጎተትና ውኃ በማመላለስ የሥራ መደብ ሰባት ዓመት አገልግሏል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሥራ ገበታው የቀረው ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን አንደኛው በባትሪ፣ ሁለተኛው በእኔ ጥፋት ነው። ጠዋት ሲነሣ ጥቂት ያስላል፤ ከተነሣ በኋላ ግን ይሠራል። ከባልደረቦቹ ጋር ተጣልቶ አያውቅም። ስብሰባ አይወድም። ሥራ የለቀቀው በዲሲፕሊን ሳይሆን በመዋቅር ለውጥ ምክንያት መሆኑን እየገለጽሁ፣ በሄደበት ሁሉ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት እጠይቃለሁ።»

ክቡርነትዎ ይህን አንብበው ይስቃሉ፣ ስቀውም ነገሩን ይጨርሱልናል ብዬ ነበር። አልሳቁም። ማስረጃው ትክክለኛ ሆኖ ተገኝቶ ከፋይሉ ጋር ተያያዘ።

3ኛ፦ ስለ ጉርዱ። በየካቲት የአመልካቹ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ ተጠየቀ። ጉርድ ማለት የተጎረደ ማለት ነው። ሰው ከወገቡ ይጎረዳል፤ የትራክተር ወገብ የት እንደሆነ ግን ሽማግሌ ተቀምጦም አልተስማማንም። ሙሉሰው ማርሹ ጋ ነው ይላል፤ አያ ጓንጉል መቀመጫው ጋ ነው ይላሉ፤ አንድ ማኅበርተኛ ደግሞ በመጋዝ ይጎረድና ግማሹን ለኮሚቴው፣ ግማሹን ለእኛ አድርጉት አለ። እኔ በሕጉ ሄጄ፣ የፊተኛው ጉርድ ይቅረብ ወይስ የኋለኛው ብዬ በጽሑፍ ጠየቅሁ። ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ፣ ፊቱና ሁለቱም ጆሮዎቹ በግልጽ የሚታዩበት ይሁን የሚል መልስ መጣ። አቶ ትእዛዙ የትራክተሩን የጎን መስተዋቶች ወልውለው አንሥተው ላኩ። የግራው መስተዋት ስንጥቅ ስለነበረው ቅጹ ላይ ልዩ ምልክት በሚለው ቦታ ሞላሁት። ፎቶው የኋላው መደብ ነጭ ስላልሆነ ተመለሰ። የኋላው መደብ የቆቦ ማሽላ ነበር።

ከጥቅምት ወዲህ ወደ ቢሮዎ አሥራ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ሁለት ሰዓት ቁልቁለት፣ ሁለት ሰዓት ዳገት። ጫማዬ አሁን ያገለገለ ነው፤ መሸኛ ግን አልጠይቀውም።

4ኛ፦ ስለ ልምድ ልውውጡ። በሚያዝያ፣ ከትንሣኤ በኋላ፣ ኮሚቴው በሙሉ ለዘጠኝ ቀን ለልምድ ልውውጥ ቆቦ ወዳለበት ወደ ራያ ወረደ። አዲሱ ትራክተር የወደቀው በልምድ ማነስ ስለነበር፣ ክቡርነትዎ በእግርዎ ሄደው ልምድ ሊያመጡለት እንደሆነ ገባኝና ልቤ ተነካ። በአራተኛው ቀን አቶ ትእዛዙ ደወሉልኝ። «ሰዎቻችሁ መጡ» አሉ። «ሊገዙት መስሎኝ በግ አሳረድሁ። ዞረው ዞረው አዩት። እየተቀያየሩ ወጥተው ፎቶ ተነሡ። በጉን በሉ። ሲሄዱ፣ ግሩም መሣሪያ ነው፣ እንዳይሸጡት ብለው መከሩኝ።» ለማኅበሩ ልሸጥ ነው የያዝሁት አላሏቸውም ወይ ብላቸው፣ «ነገርኋቸው እንጂ፤ በእሱ ጉዳይ ደብዳቤ ይደርስዎታል አሉኝ» አሉ።

ፎቶው በማግስቱ በቢሮው የፌስቡክ ገጽ ወጣ። ክቡርነትዎ መሪውን ጨብጠው፣ አንገትዎን ቀና አድርገው ተቀምጠዋል፤ የተሰነጠቀው መስተዋት በግራዎ በኩል ይታያል። ስለዚህ በተጠየቀው መሠረት አራት ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ክቡርነትዎ ከወገብዎ በላይ፣ ትራክተሩ ደግሞ በሙሉ ስለሚታይ፣ አመልካቹ የትኛው እንደሆነ ኮሚቴው እንዳይጠራጠር አስረዳለሁ፤ ልምድ ያለው በስተታች ያለው ነው።

5ኛ፦ ስለ ሦስተኛው አማራጭ። ኮሚቴው ከራያ ተመልሶ በግንቦት አንድ ውሳኔ አሳለፈ፤ አዲስም ያገለገለም ያልሆነ ሦስተኛ አማራጭ ይጠና የሚል። ሳነበው ራሴን ያዝሁ። ቅኔ ቤት ያን ያህል ዓመት ስቀመጥ እንዲህ ያለ ምሥጢር አልገጠመኝም። አዲስ ካልሆነ አገልግሏል፤ ካላገለገለ አዲስ ነው፤ ከሁለቱ ውጭ ያለውን መላእክት ብቻ የሚያውቁት መስሎኝ ነበር። ሦስት ቀን አሰብሁበት። በአራተኛው ቀን ደብዳቤ ላስገባ መጥቼ፣ ካፊያው ሲይዘኝ ግቢዎ ጥግ ካለ አንድ ሸራ ሥር ተጠለልሁ። የተደገፍሁት ነገር ጎማ ነበረው።

ክቡር ሆይ፣ ሦስተኛው አማራጭ ቢሮዎ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሸራውን ገልጬ አየሁት፤ አነስተኛ ነው፣ ለእርከናችን ልክ ነው፣ የመቀመጫው ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም። ዘበኛውን ጠየቅሁት። «እሱማ ከመጣ ሦስተኛ ክረምቱን ሊይዝ ነው» አለኝ። «ለናሙና ነው የመጣው። ቁልፉን የያዘው ባለሙያ ተዛወረ።» ቁልፉን ይዞ ተዛወረ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «መሸኛ ሲሰጠው ቁልፍ አልተጻፈበትም» አለ። እውነትም አዲስ አይደለም፤ ዝናብ መትቶታል፣ መቀመጫው ላይ ዶሮ ታቅፋለች፣ መሪው ላይ የዘበኛው ካልሲ እንዲደርቅ ተሰጥቷል። ያገለገለም አይደለም፤ አንድ ትልም አላወጣም። እኛ በኅዳር ሥዕል ፊት ተሰልፈን በተቀመጥንበት ሰዓት፣ እሱ ከዚያው ግድግዳ ጀርባ ቆሞ የአሠልጣኙን የአፍ ሞተር ያዳምጥ ነበር።

ቁልፍ ከጠፋ ሙሉሰው ያስነሣዋል፣ ለአንድ ክረምት አውሱን ብዬ በማግስቱ ጻፍሁ። ከታሸጉት ሦስት ፖስታዎች ወፍራሙ እሱ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ ላመሰግንዎ ጊዜም የለኝም፤ ሰማዩ ጠቁሯል፣ የእኛ ሰዎችም ከማሳቸው ዳር ቆመው እኔን ይጠብቃሉ። የምንለምንዎ አንድ ቃል ነው። አዲስ ካሉን ወረፋውን እንጠብቃለን። ያገለገለ ካሉን ነገ ቆቦ እንወርዳለን፤ ይታየሽ ሌሊቱን ነድታ ትመጣለች፣ እኔ አውቃታለሁ። አይሆንም ካሉንም ያዋጣነውን ተካፍለን የየራሳችንን መላ እንፈልጋለን። አያ ጓንጉል እንደሚሉት እምቢ ያለ በሬ ይሸጣል፣ ሌላ ይገዛበታል። ሞፈሩ ላይ ተኝቶ የሚያመሰኳው ነው ገበሬውን የሚገድለው።

ከወንበርዎ እግር አጠገብ ለአንድ ሰው መቆሚያ የምትበቃ ቦታ ብትተርፍ፣ በእሷ ላይ ቆሞ መልስዎን ለመጠበቅ የሚናፍቀው፣ መቀመጥ የተሳነው አገልጋይዎ፣

ምስጋናው ገብረ ሊባኖስ
የማኅበሩ ጸሐፊ (ስምንት ወር ያገለገለ)

ግልባጭ፦
— ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፤ ቀድማ ስለምታነበው
— ለቦራና ለዳልቻ፤ ኮሚቴው ለሥራ ዋስትናቸው ያሳየውን ጥንቃቄ እንዲያውቁት

ድኅረ ጽሑፍ፣ ሰኔ 13። ይህን ደብዳቤ በ10 ቀን በእጄ ይዤ መጣሁ፤ ዘበኛው ኮሚቴው ስለ ክረምት ዝግጅት ስብሰባ እንደገባ ነገረኝ። በ11 መጣሁ፤ አልወጡም። በ12 ሚካኤል ሊሳለሙ ሄደዋል ተባልሁ። አቶ ትእዛዙ ቃላቸውን እስከ ትናንት ማታ ጠብቀው ዛሬ ጠዋት ትራክተሩን ለሌላ ሰው አስረከቡ፤ ደውለውም ይታየሽን ይቅርታ ጠየቋት። «እርስዎ ምን አጠፉ» አለቻቸው። ከቀትር በኋላ የሦስት ዓመቱን የእኩል ውል እኔው ጻፍሁ። ኤደን በመስከረም ትመዘገባለች፤ እስከ መጋቢት ትማራለች። ይታየሽ ከመፈረሟ በፊት አንድ አንቀጽ አስጨመረችኝ፤ በእነዚህ ሦስት ዓመታት ውስጥ ኮሚቴው ፈቅዶ ትራክተር ከመጣ ውሉ በዚያው ቀን ይፍረስ የሚል። አዲስ ልበል ወይስ ያገለገለ ብዬ ጠየቅኋት። «የመጣ በል» አለች። አንቀጹ አያ ጓንጉልን የሚጎዳ ስለሆነ አንብበው እንዲያስቡበት ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። ብዕሩን ተቀብለው፣ ወረቀቱን ሳያዩ ፈረሙ። «ምነው አያ፣ ሳያነቡት?» አልኋቸው።

«ኮሚቴውን አንብቤዋለሁ» አሉኝ።